የበሰበሱ ግንዶችና የምክር ቤት ኃላፊነት፦ የሲንግልተን ድልድይ ጉዳይ

በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት፣ ከኒውካስል የወደብ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚዘልቀው የሀንተር ሸለቆ ውስጥ ሲንግልተን የሚባል የገጠር ወረዳ አለ። ወረዳው በድንጋይ ከሰሉና በወይን እርሻው የሚታወቅ ሲሆን፣ የአካባቢውን መንገዶችና ድልድዮች የመጠገን ሥልጣን የተሰጠው ነዋሪው ለሚመርጠው ምክር ቤት ነው። በዚህ ወረዳ ከሚገኙት የእንጨት ድልድዮች በአንዱ፣ ዕድሜው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በሆነው ላይ፣ 22 ቶን ያህል የሚመዝን የጭነት መኪና ሲያልፍ ድልድዩ ተደረመሰ፤ መኪናው ከነሾፌሩ ወደ ታች ወደቀ፣ ሾፌሩም ተጎዳ። ሾፌሩ በምክር ቤቱ ላይ የመሠረተው የካሣ ክስ ከዲስትሪክት ፍርድ ቤት ተነሥቶ፣ በይግባኝ አልፎ፣ የአገሪቱ የመጨረሻ የዳኝነት አካል እስከሆነው ሃይ ኮርት ደረሰ። ሃይ ኮርት ሜይ 31 ቀን 2001 በሰጠው ፍርድም በአውስትራሊያ ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቶ የኖረን ደንብ ሻረ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተሻረው ደንብ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፤ የመንገድ ባለሥልጣን መንገድ ሲሠራ ወይም ሲጠግን በቸልተኝነት አበላሽቶ አደጋ ከፈጠረ ይጠየቃል፤ ነገር ግን መንገዱን ሳይጠግን ዝም ብሎ ቢተወውና በዚህ ምክንያት ሰው ቢጎዳ አይጠየቅም። የሲንግልተን ጉዳይ የክርክሩ እምብርትም ድልድዩ የተደረመሰው ምክር ቤቱ ባበላሸው ሥራ ነው ወይስ ባልሠራው ሥራ የሚል ሆነ። ይህን ለመረዳት ድልድዩን ራሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

የእንጨት ድልድይ አሠራሩ ቀላል ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚጋደሙ ወፋፍራም ግንዶች ሸክሙን ይይዛሉ፤ በእነሱ ላይ የሚደረደሩት ሳንቃዎች ደግሞ ጎማ የሚረግጣቸው ወለል ናቸው። ሳንቃ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩ ይላቀቃል፣ መኪና ባለፈበት ቁጥር ይንኳኳል፤ ስለዚህ ጉድለቱን የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያየዋል፣ ይሰማዋልም። ግንዱ ግን የሚበሰብሰው ከመሀሉ ነው። የዝናብ ውኃ በሚስማርና በብሎን ቀዳዳ ወይም በተቆረጠው ጫፍ በኩል ገብቶ እምብርቱን እየበላ ይሄዳል፤ ውጪው ጠንካራ መስሎ ሳለ ውስጡ እንደ ቧንቧ ባዶ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ከድልድዩ ሥር ገብቶ ግንዱን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ፣ የጎደለ ድምፅ ከተሰማም በመሰርሰሪያ በስቶ ምን ያህል ደኅና እንጨት እንደቀረ መለካት ያስፈልጋል። በሲንግልተን የምክር ቤቱ ሠራተኞች ከአደጋው በፊት ያረጁ ሳንቃዎችን እየነቀሉ በአዲስ ሲተኩ ቆይተዋል፤ ከሥር ያሉትን ግንዶች ግን አልቀየሩም። መኪናውን መሸከም ያቃታቸው እነዚያ ግንዶች ናቸው።

የዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ ለሾፌሩ ፈረደ። በፍርዱ መሠረት ምክር ቤቱ በድልድዩ ላይ የጥገና ሥራ ጀምሯል፤ ከጀመረ በኋላ ግን የላይኛውን ብቻ አድሶ የታችኛውን መተዉ ራሱ የተበላሸ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ደንቡ ለማይጠግን ባለሥልጣን የሚሰጠው ከለላ አይሸፍነውም። የክፍለ ግዛቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት በበኩሉ ይህን ገለበጠው። ሳንቃ መቀየሩ በግንዶቹ ላይ ምንም ጉዳት አልጨመረም፤ ሠራተኞቹ ድልድዩን ጨርሰው ባይነኩትም ኖሮ ግንዶቹ በዚያው ጊዜ በዚያው ሁኔታ በበሰበሱ ነበር፤ ስለዚህ የደረሰው ጉዳት ባለመጠገን የደረሰ እንጂ በመጠገን የደረሰ አይደለም አለ። ሁለቱም ፍርዶች በተመሳሳይ ፍሬ ነገር ላይ የተመሠረቱና እንደየራሳቸው አካሄድ አሳማኝ መሆናቸው፣ ችግሩ ዳኞቹ ላይ ሳይሆን ደንቡ ላይ እንደነበረ ያመለክታል።

ደንቡ ከየት መጣ?

ታሪኩ የሚጀምረው በሌላ ድልድይ ነው። በ1788 በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ ሳይጠገን በቀረ ድልድይ ምክንያት ጋሪው የተጎዳበት አንድ ሰው የአውራጃውን ነዋሪዎች በጠቅላላ ከሰሰ። በጊዜው መንገድ የመጠገን ግዴታ የተጣለው በተቋም ላይ ሳይሆን በነዋሪው ላይ ነበር፤ የየአጥቢያው ሰው በዓመት የተወሰኑ ቀናት አካፋና ጋሪ ይዞ ወጥቶ ያለ ክፍያ መንገድ ይሠራ ነበር። ግዴታውን ያልተወጣ አጥቢያ ወይም አውራጃ በወንጀል ተከስሶ ይቀጣል እንጂ ለተጎዳው ሰው ካሣ የሚከፍልበት ሥርዓት አልነበረም። በሎርድ ኬንየን የተመራው ችሎት ክሱን ሲጥል የሰጠው ምክንያትም ከዚህ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። ነዋሪዎቹ የጋራ ሕጋዊ ሰውነት የላቸውም፤ ካሣ የሚከፈልበት የጋራ ገንዘብ የላቸውም፤ ከአንድ ነዋሪ ላይ ሙሉው ካሣ ቢወሰድ ያ ሰው ድርሻቸውን ለማስመለስ ሌሎቹን ሁሉ መክሰስ ሊኖርበት ነው። ከዳኞቹ አንዱ፣ ሕዝብ ከሚቸገር አንድ ግለሰብ ቢጎዳ ይሻላል እስከማለት ደርሰዋል።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ይህ ሁሉ ተለወጠ። የመንገድ ሥራ ግብር ወደሚሰበስቡ፣ ሠራተኛ ወደሚቀጥሩ፣ በስማቸው ወደሚከሱና ወደሚከሰሱ የአካባቢ ቦርዶችና ምክር ቤቶች ተዛወረ። የዴቨን ፍርድ የቆመባቸው ምክንያቶች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ውጤቱ ግን ቀረ። በጊዜው የመጨረሻ ፍርድ ቤትም የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1892፣ ከቅኝ ግዛቶች የሚመጣን ይግባኝ የሚሰማው የንጉሣዊው ምክር ቤት የዳኝነት ኮሚቴ ደግሞ በ1893 ከካናዳ በመጣ ጉዳይ፣ በ1895 ደግሞ ከሲድኒ ከተማ በመጣ ጉዳይ፣ ፓርላማ የመንገድ ሥራን ለምክር ቤት ሲያስተላልፍ በግልጽ ካልደነገገ በቀር የካሣ ኃላፊነትን አብሮ እንዳስተላለፈ አይቆጠርም ሲሉ ወሰኑ። የአውስትራሊያ ፍርድ ቤቶችም ይህንኑ ተከተሉ፤ ሃይ ኮርት በ1936 እና በ1950 በሰጣቸው ፍርዶች ደንቡን አጸናው።

ደንቡ ጽኑ ቢሆንም ፍርድ ቤቶች ውጤቱ ሲከብዳቸው ማምለጫ ማበጀታቸው አልቀረም። ጉዳት ያደረሰው ከመንገዱ ለተለየ ዓላማ የተቀበረ ነገር፣ ለምሳሌ የፍሳሽ ማስወገጃ ከሆነ፣ ከለላው አይሠራም ተባለ። ባለሥልጣኑ የተከሰሰው በመንገድ ባለሥልጣንነቱ ሳይሆን በሌላ ሥልጣኑ ከሆነም እንዲሁ። በዚህ መንገድ፣ በአስፋልቱ ጉድጓድ የወደቀ ሰው ያለ ካሣ ሲቀር፣ ከዚያው ጉድጓድ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በፍሳሽ መውረጃው ክዳን የተደናቀፈው ካሣ ሊያገኝ ቻለ። የሁለቱ ሰዎች ጉዳትም ሆነ የምክር ቤቱ ቸልተኝነት አንድ ዓይነት ነው፤ የተለያየው የጉድጓዱ ስም ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ የተማረ ባለሙያ ይህን ሁሉ ሲያነብ መገረሙ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2029 ጥፋት በማድረግም ባለማድረግም ሊፈጸም እንደሚችል በአንድ መስመር ደንግጎ ያልፋል፤ በአንቀጽ 2126 ደግሞ በመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ጥፋት የተጎዳ ሰው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ እንደሚችል ያስቀምጣል፤ መንግሥት የማይጠየቀው ጥፋቱ የሠራተኛው የግል ጥፋት ሲሆን ነው። መስመሩ የተሰመረው በሥራ ጥፋትና በግል ጥፋት መካከል እንጂ በመሥራትና ባለመሥራት መካከል አይደለም። በኮመን ሎው አገሮች ግን ሕጉ የተገነባው ከፍርድ ወደ ፍርድ በመሆኑ፣ ያረጀ ምክንያት የወለደው ደንብ ምክንያቱ ከሞተ በኋላም ሊቆይ ይችላል።

አራት ለሦስት

ሃይ ኮርት የሲንግልተንን ጉዳይ የሰማው ከሌላ የምክር ቤት ጉዳይ ጋር አጣምሮ ሲሆን፣ ሰባቱም ዳኞች ተሰይመው ነበር። አራቱ ደንቡ ይሻር አሉ፤ ሦስቱ ይቆይ አሉ።

ዳኞች ጎድሮን፣ ማክሂዩና ገሞ በጋራ በጻፉት፣ ዳኛ ከርቢም በውጤቱ በተስማሙበት ሐሳብ መሠረት፣ የመንገድ ባለሥልጣን ከሌላው ተከሳሽ ተለይቶ የሚቆምበት ልዩ ከለላ የለውም። መንገድ የመሥራት፣ የመጠገንና የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው አካል በሥልጣኑ ሲጠቀምም ሆነ ሳይጠቀም ሲቀር፣ በመንገዱ ተጠቃሚዎች ላይ አስቀድሞ ሊታይ የሚችል አደጋ እንዳይደርስ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። የመንገዱ ሁኔታ አደጋ እንዳለው ካወቀ፣ ወይም ማወቅ ከነበረበት፣ አደጋውን ለማስወገድ ወይም ተጠቃሚውን ለማስጠንቀቅ ምክንያታዊ እርምጃ ይጠበቅበታል። ለሲንግልተን ጉዳይ ወሳኝ የነበረው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ስውር አደጋ ሊኖር እንደሚችል የሚያስገምት ምክንያት ባለበት ጊዜ፣ ግዴታው አደጋውን ፈልጎ የማግኘት፣ ማለትም የመመርመር ግዴታንም ይጨምራል። የግማሽ ምዕተ ዓመት የእንጨት ድልድይ ግንዱ ሊበሰብስ እንደሚችል ማንም የመንገድ መሐንዲስ ያውቃል።

ይህ ማለት ግን ምክር ቤት የመንገድ ዋስ ሆነ ማለት አልነበረም። ዳኞቹ ግዴታው መጣሱ የሚለካበትን ሚዛን በጥንቃቄ አስቀምጠዋል። የአደጋው ክብደትና የመድረስ ዕድሉ በአንድ ወገን፣ አደጋውን ለማስወገድ የሚያስፈልገው ወጪ፣ ድካምና ምክር ቤቱ ያሉበት ሌሎች ተወዳዳሪ ግዴታዎች በሌላ ወገን ሆነው ይመዘናሉ። መንገዱ ደኅና መሆን የሚገባውም ለራሱ ደኅንነት ተገቢውን ጥንቃቄ ለሚያደርግ ሰው እንጂ ለማንኛውም ሰው በማንኛውም ሁኔታ አይደለም።

በአብላጫው ሐሳብ ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን የድሮው ደንብ ምክር ቤቶችን ወዴት ይገፋ እንደነበር የሚያሳየው ክፍል ነው። ጨርሶ የማይሠራ ምክር ቤት በሕግ የተጠበቀ ሆኖ፣ አቅሙ የፈቀደውን ያህል የሚሞክር ምክር ቤት በሙከራው ምክንያት ለክስ ይጋለጥ ነበር። የሲንግልተን ሠራተኞች አንድም ሳንቃ ባይቀይሩ ኖሮ የዲስትሪክት ዳኛው የፈረዱበት ምክንያት ከነጭራሹ አይኖርም ነበር። ሕግ የመንገድ መሐንዲስን አትንካው፣ ነካክተህ ከምትከሰስ ይቅርብህ ብሎ የሚመክር ከሆነ የተሳሳተ ነገር አለ።

የልዩነት ሐሳብ ያስመዘገቡት ዋና ዳኛ ግሊሰን፣ ዳኛ ሄይንና ዳኛ ካሊናን ደንቡ ፍጹም ነው አላሉም። ጥያቄያቸው ማን ይለውጠው የሚል ነበር። እንግሊዝ ይኸንኑ ደንብ የሻረችው በፍርድ ሳይሆን በ1961 በወጣ የፓርላማ ሕግ ነው፤ ያም ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ምክር ቤቶች እንዲዘጋጁ ጊዜ ተሰጥቶ በ1964 ሲሆን፣ መንገዱን ለመጠበቅ ተገቢውን ሁሉ አድርጌያለሁ ብሎ ማስረዳት ለሚችል ባለሥልጣን መከላከያ አስቀምጦለታል። የፍርድ ቤት ፍርድ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ደንቡ በተሻረ ዕለት ቀድሞ የደረሱ አደጋዎችም ጭምር በአዲሱ ሕግ ይዳኛሉ። ምክር ቤቶች በጀታቸውን የደለደሉትና መድን የገቡት ደንቡ አለ ብለው ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስም የሕግ ማሻሻያ ኮሚሽኑ በ1987 ለውጥ እንዲደረግ ሐሳብ አቅርቦ ሳለ ፓርላማው ሳይለውጠው ቆይቷል፤ ይህን ዝምታ አብላጫዎቹ ፍርድ ቤቱ እጁን እንዲያስገባ እንደሚያስገድድ ሲያዩት፣ አናሳዎቹ እጁን እንዲሰበስብ እንደሚያስጠነቅቅ አዩት። በአውስትራሊያ ከአጠቃላዩ የመንገድ ርዝመት ሦስት አራተኛ ያህሉ በአካባቢ ምክር ቤቶች እጅ መሆኑ ሲታሰብ፣ አብዛኛውም ጥቂት ሰው በሚኖርበት ገጠር የሚያልፍ በመሆኑ፣ የገንዘቡ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። በዚህ ነጥብ ላይ አናሳዎቹ ዳኞች ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድመው አይተውታል ማለት ይቻላል።

የሾፌሩ ይግባኝ ተቀባይነት አግኝቶ፣ የቀሩት የክርክር ነጥቦች በአዲሱ ሕግ መሠረት እንዲታዩ ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ተመለሰ።

ተጣምሮ የተሰማው ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሆኖም የፍርዱን ወሰን የሚያሳየው እሱ ነው። በሖክስበሪ ምክር ቤት ሥር ባለችው የዊንድዘር ከተማ፣ መሀሉ ኮንክሪት ዳርና ዳሩ አፈር በሆነ የእግረኛ መንገድ ላይ ስትሄድ የነበረች ሴት፣ ከፊቷ የሚመጡ ሰዎችን ለማሳለፍ ወደ ዳር ስትወጣ አፈሩ ተሸርሽሮ ከኮንክሪቱ ዝቅ ብሎ ስለነበር ወድቃ ተጎዳች። ሰባቱም ዳኞች ይግባኟን ውድቅ አደረጉ፤ ከለላውን የሻሩትም ጭምር። የኮንክሪቱና የአፈሩ ልዩነት በቀን ብርሃን ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው፤ እግረኛም ከመኪና ነጂ በተለየ የሚረግጠውን እያየ የመሄድ ዕድል አለው። ዳኛ ካሊናን ምድር ሁሉ ደልዳላ እንዳልሆነች፣ ሰውም መደናቀፉ ያለ ነገር መሆኑን በማስታወስ ነገሩን ጨረሱት። በአንድ ቀን በተሰጡ በእነዚህ ሁለት ፍርዶች መካከል ያለው ርቀት፣ ከሥር በበሰበሰ ግንድና ከላይ በሚታይ የአፈር ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ፓርላማዎቹ የመለሱት መልስ

ፍርዱ የወጣበት ጊዜ ለምክር ቤቶች ክፉ ነበር። በአውስትራሊያ ትልልቅ ከሚባሉት የመድን ድርጅቶች አንዱ የነበረው ኤች አይ ኤች ከፍርዱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ በማርች 2001 ወድቆ ነበር። የሕዝብ ኃላፊነት መድን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባ መድን፣ አረቦኑ ናረ፤ ምክር ቤቶችና ማኅበራት መድን የሚሸጥላቸው አጥተው ተቸገሩ። የፌዴራልና የክፍለ ግዛት መንግሥታት በዳኛ ዴቪድ ኢፕ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁመው የቸልተኝነት ሕጉን አስመረመሩ፤ ከ2002 ጀምሮም እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የየራሱን የፍትሐ ብሔር ኃላፊነት ሕግ አወጣ ወይም አሻሻለ። የመድን ቀውሱ ምክንያት የሲንግልተን ፍርድ ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ፍርዱ በዚያው ማዕበል ውስጥ ገብቶ ተወሰደ።

በኒው ሳውዝ ዌልስ የ2002 የፍትሐ ብሔር ኃላፊነት ሕግ አንቀጽ 45 የመንገድ ባለሥልጣን የመንገድ ሥራ ባለመሥራቱ ለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቀው፣ ጉዳቱን ያመጣውን ያንኑ የተለየ አደጋ በወቅቱ በእርግጥ ያውቅ እንደነበር ከተረጋገጠ ብቻ ነው ይላል። ማወቅ ነበረበት የሚለው መለኪያ ለዚህ ዓይነት ክስ ተነሣ። ይበልጥ የሚገርመው፣ ሕጉ የመንገድ ሥራ ብሎ ከተረጎማቸው ነገሮች አንዱ ምርመራ ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ ምክር ቤት ድልድይን ባለመመርመሩም የሚጠየቀው አደጋውን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ነው፤ አደጋውን የሚያውቅ ደግሞ ለማወቅ መመርመር አያስፈልገውም። ሃይ ኮርት በሲንግልተን ጉዳይ ያስቀመጠው የመመርመር ግዴታ በወረቀት ላይ ሳይሻር በተግባር ባዶ ሆነ።

ማን ሲያውቅ ነው ምክር ቤቱ አወቀ የሚባለው? ይህ ጥያቄ በ2007 በሰሜን ሲድኒ ምክር ቤት ላይ በቀረበ ክስ መልስ አገኘ። ከሳሿ በሌሊት በመንገድ ላይ ባለ ጉድጓድ ወድቃ ተጎድታለች። መንገዱን በየጊዜው የሚጠርጉት የምክር ቤቱ ሠራተኞች ጉድጓዱን ማየታቸው አይቀርም ሲል የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ የጠራጊው ዕውቀት የምክር ቤቱ ዕውቀት አይደለም፤ ዕውቀቱ ጥገና ይደረግ አይደረግ ብሎ የመወሰን ሥልጣን ካለው ኃላፊ ዘንድ መድረስ አለበት አለ። በ2015 በብላክታውን ምክር ቤት ላይ በቀረበ ጉዳይም ይኸው ፍርድ ቤት ይህን ትርጉም እንዲተው ተጠይቆ ሳይተወው ቀረ። መጥረጊያ ይዞ በየሳምንቱ ጉድጓዱን የሚዞረው ሰው አየ፤ በቢሮው ያለው ኃላፊ አላየም፤ ስለዚህ በሕግ ዓይን ማንም አላየም።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። የምክር ቤቶች በጀት የተወሰነ መሆኑንና ፍርድ ቤት የበጀት ድልድል መሥሪያ ቤት አለመሆኑን የሚክድ የለም፤ የዚያው የ2002 ሕግ አንቀጽ 42ም የሀብት ውስንነት በሚዛኑ ላይ እንዲገባና አጠቃላይ የገንዘብ ድልድሉ በፍርድ ቤት እንዳይነቀፍ በመደንገግ ለዚህ በቂ መልስ ሰጥቷል። አንቀጽ 45 ግን ገንዘብን አይመዝንም፤ የሚመዝነው ማወቅን ነው። የድሮው ደንብ የሚሠራውን አስፈርቶ የማይሠራውን ይጠብቅ እንደነበረው ሁሉ፣ አዲሱ የሚመረምረውንና አቤቱታ የሚመዘግበውን አስፈርቶ ዓይኑን የጨፈነውን ይጠብቃል። በሁለቱም ጊዜ ትጋት ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ሆነ። በርካታ ምክር ቤቶች ይህ ሳያግዳቸው በየጊዜው እንደሚመረምሩ እሙን ነው፤ እነሱ የሚመረምሩት ግን ሕጉ ገፋፍቷቸው አይደለም።

ቪክቶሪያ የሄደችበት መንገድ የተሻለ ይመስለኛል። ይህ ክፍለ ግዛት በ2002 የድሮውን ከለላ ለጊዜው መልሶ ካቆመ በኋላ፣ በ2004 የመንገድ አስተዳደር ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት የመንገድ ባለሥልጣን የትኛውን መንገድ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመረምር፣ ምን ያህል የጠለቀ ጉድጓድ ወይም የተነሣ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ሲያገኝ በስንት ቀን እንደሚጠግን የሚያሳይ የመንገድ አስተዳደር ዕቅድ አዘጋጅቶ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ይችላል። ያወጣውን ዕቅድ በተግባር መከተሉን ማስረዳት የቻለ ምክር ቤት ጠንካራ መከላከያ አለው፤ ዕቅዱን አውጥቶ ያልተከተለው ግን በራሱ ሰነድ ይያዛል። አቅም የሌለው የገጠር ምክር ቤት አቅሙን የሚመጥን ዕቅድ ማውጣት ይችላል፤ ክርክሩም መኖር ከነበረበት ዕውቀት ወደ ተገባው ቃል ይሸጋገራል። ጉዳት የደረሰበት ሰው ግን መፍጠን አለበት፤ ለመክሰስ ያሰበ ሰው አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠበቃል። በሜልበርን፣ በተለይ በፉትስክሬይና በአካባቢው የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚተዳደሩት በዚህ ሕግ ስለሆነ፣ ይህችን ቀን ማወቁ ይጠቅማቸዋል፤ ሕክምናው እስኪያልቅ ልጠብቅ ብሎ የቆየ ሰው ሲነቃ ቀኑ አልፎ ሊያገኘው ይችላል።

የሲንግልተን ድልድይ ዛሬ ቢደረመስ ውጤቱ ምን ይሆን ነበር? አንቀጽ 45 የሚሸፍነው ሥራን አለመሥራትን ብቻ ስለሆነና አበላሽቶ መሥራትን ስለማይሸፍን፣ የሾፌሩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚሞክረው ክሱን ከአንቀጹ ማውጣት ነው፤ ማለትም ሳንቃ ቀይሮ ግንድ መተው የተበላሸ ጥገና ነው ብሎ መከራከር ነው። የምክር ቤቱ ጠበቃም ሳንቃው በግንዱ ላይ የጨመረው ጉዳት የለም ብሎ ይመልሳል። ሃይ ኮርት በ2001 ከንቱ ልዩነት ነው ብሎ የጣለው ክርክር በዚህ መልኩ ተመልሶ ከችሎት ይቆማል። ያ ካልተሳካ ጠበቃው ወደ ማስረጃ ይዞራል። ሳንቃዎቹን የቀየሩት ሠራተኞች ወለሉን ገልጠው ግንዶቹን ከላይ አይተው ሊሆን ይችላል፤ ያዩትን ለአለቃቸው ነግረው ይሆን? አለቃው በሥራ መዝገቡ ላይ ጽፎት፣ መዝገቡስ ጥገና የማዘዝ ሥልጣን ካለው መሐንዲስ ጠረጴዛ ደርሶ ይሆን? ከነዋሪ የመጣ የስልክ አቤቱታ ተመዝግቦ ከሆነ በማን ስም ለማን ተመራ? ጠበቃው የሚጠይቀው የመዶሻውን ድምፅና የመሰርሰሪያውን ልኬት የያዘውን የምርመራ ሪፖርት፣ የሥራ ትእዛዞቹንና የአቤቱታ መዝገቡን ነው። ሪፖርቱ ከተገኘና ግንዶቹ ባዶ መሆናቸውን የሚገልጽ ከሆነ የማወቁ ጥያቄ እዚያ ላይ ይዘጋል፤ ቀሪው ክርክር ምክር ቤቱ ካወቀ በኋላ ባደረገው ወይም ባላደረገው ነገር ምክንያታዊነት ላይ ይሆናል። ምርመራ ተደርጎ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ክሱ የሚወድቀው በዚያው ምክንያት ነው።